ፕሮግራሙ የአድሚን ፓስወርድ ሲጠይቅ፦ ሠራተኛውን አድሚን ሳያደርጉ ማስከፈት

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ገንዘብ ያዥዋ የሂሳብ ፕሮግራሙን ስትከፍት ስክሪኑ ጨለም ይልና የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃታል። ፓስወርዱ የላትም፤ ትደውላለች። ባለሙያው ሁለት ቀን እየተመላለሰ ያስገባላታል፤ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸውና አካውንቷን አድሚን አድርጎት ይገላገላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፍላሽ የገባ ቫይረስም ሆነ በኢሜይል የመጣ ደረሰኝ መሳይ ፋይል ኮምፒውተሩን በሙሉ ለመያዝ የሚያስፈልገው አንዲት «የስ» ብቻ ነው።

እንዲህ የሚያስቸግሩ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በእውነቱ የአድሚን ሥልጣን አያስፈልጋቸውም። የሚፈልጉት አንድ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ወይም ሬጂስትሪ (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ሴቲንግ የሚቀመጥበት መዝገብ) ውስጥ አንድ ቁልፍ መቀየር ነው። የተሠሩት ከዊንዶውስ ቪስታ በፊት፣ ሰው ሁሉ አድሚን ሆኖ በሚሠራበት ዘመን ነው፤ አለዚያም በዚያ ዘመን ልማድ ነው። ዳታቸውን እዚያው የተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ስታንዳርድ ዩዘር (አድሚን ያልሆነ ተራ ተጠቃሚ) ደግሞ ፕሮግራም ፋይልስ (ፕሮግራሞች የሚጫኑበት ፎልደር) ውስጥ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሥራው ያቺን አንድ ቦታ ፈልጎ ማግኘትና እሷን ብቻ መክፈት ነው። ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

መጀመሪያ፣ ጥያቄውን ያመጣው ማን እንደሆነ እዩ

አንዳንዴ ፓስወርድ የሚያስጠይቀው ፕሮግራሙ ሳይሆን ቀደም ሲል አንድ ሰው ያደረገባት ምልክት ናት። የፕሮግራሙን ኢኤክስኢ ፋይል (ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን) ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ክፈቱ። «ራን ዚስ ፕሮግራም አዝ አን አድሚኒስትሬተር» የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት። ከታች ያለውን «ቼንጅ ሴቲንግስ ፎር ኦል ዩዘርስ» የሚለውን ቁልፍም ተጭናችሁ እዚያም መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ለአንድ ሰው ተነስቶ ለሁሉም ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከትም የራሱ ምልክት አለው፦ ፕሮፐርቲስ፣ ሾርትከት፣ አድቫንስድ።

ሌላው ስም ነው። ዊንዶውስ ምን ዓይነት ሥልጣን እንደሚፈልግ በውስጡ ያልተጻፈበት የቆየ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሲያገኝ በስሙ ይጠረጥረዋል። የፋይሉ ስም «ሴትአፕ»፣ «ኢንስቶል» ወይም «አፕዴት» የሚል ቃል ካለበት ጫኚ ነው ብሎ ፓስወርድ ይጠይቃል። አንዲት የዋጋ ዝርዝር ማደሻ ፕሮግራም ስሟ «አፕዴት» ስለሆነ ብቻ ስታስቸግር ልታገኙ ትችላላችሁ። ስሙን መቀየር ይበቃል፤ ዋናው ፕሮግራም በዚያ ስም የሚጠራት ከሆነ ግን አትንኳት።

ሦስተኛው ራሱን የሚያድስ ፕሮግራም ነው። ሲከፈት አዲስ ቨርዥን ፈልጎ ሊጭን ይሞክርና እዚያ ላይ ይቆማል። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ለብቻው አነስተኛ ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) አለው፤ ፋየርፎክስ ለምሳሌ ዩዘሩን ሳያስቸግር በእሱ በኩል ይታደሳል። የእናንተው እንደዚያ ካልሆነ አውቶማቲክ ማደሱን አጥፉና በወር አንድ ጊዜ ራሳችሁ አድሱት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጥያቄው ካልጠፋ የአድሚን ጥያቄው ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ ነው። እሱም መላ አለው፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ሳይጠይቅ በዝምታ የሚያበላሸው

ፓስወርድ ከሚጠይቀው ይልቅ የሚያስፈራው ምንም ሳይጠይቅ የሚሠራ የሚመስለው ነው። ሁለት ሠራተኞች በፈረቃ አንድ ኮምፒውተር ይጠቀማሉ እንበል። ጠዋት ያለችው የመዘገበችውን ከሰዓት የሚገባው አያየውም። እሱ ያስገባውን እሷ አታየውም። ሁለቱም «ጠፋብኝ» ይላሉ፤ ምንም የጠፋ ነገር ግን የለም።

የሆነው ይህ ነው። የቆየ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር ዊንዶውስ ከመከልከል ይልቅ ጽሑፉን ለእያንዳንዱ ዩዘር ወደተዘጋጀ ስውር ፎልደር ያዞርለታል። ፎልደሩ ቨርቹዋል ስቶር ይባላል፤ የሚገኘውም በዩዘሩ ፎልደር ሥር አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ የጻፈ ይመስለዋል፤ እውነተኛው ዳታ ግን በሁለት ሰዎች ፎልደር ተከፍሎ ተቀምጧል። ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ የዓምዶቹን ርዕስ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዩኤሲ ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለውን ጨምሩ። ከፕሮግራሙ ትይዩ «ኢኔብልድ» ካለ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። ለእውነተኛው ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ ሰጥታችሁም የድሮው ዳታ ሊታይ ይችላል፤ ምክንያቱም ቨርቹዋል ስቶር ውስጥ ያለው ቅጂ እስካለ ድረስ ዊንዶውስ ለፕሮግራሙ የሚያሳየው እሱን ነው። ስለዚህ የሁሉንም ዩዘር ቨርቹዋል ስቶር ከፍታችሁ የፋይሎቹን ቀን አስተያዩ፣ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ የትኛው ዋናው እንደሆነ ከባለ ሥራዎቹ ጋር ወስኑ፣ እሱን ወደ እውነተኛው ፎልደር ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ የቨርቹዋል ስቶሩን ፎልደር ስም ቀይሩት። ከት አታድርጉ። ተቆርጦ የተወሰደ ፋይል የድሮውን ፈቃድ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የተገለበጠ ግን የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። ሁለቱም ዩዘሮች የየራሳቸውን ከመዘገቡ ዳታውን የሚያዋህድ አቋራጭ የለም፤ የአንዱ ምዝገባ በእጅ እንደገና ይገባል።

የተከለከለውን ቦታ መፈለግ

መሣሪያው ፕሮሰስ ሞኒተር ነው። ከማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ በነፃ ይወርዳል፤ መጫን አያስፈልገውም፣ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የሚነካውን እያንዳንዱን ፋይልና የሬጂስትሪ ቁልፍ፣ ዊንዶውስ ምን ብሎ እንደመለሰለት ጭምር ያሳያል።

1. በስታንዳርድ ዩዘሩ አካውንት ግቡ፤ በአድሚን ከገባችሁ የሚከለከል ነገር ስለማይኖር ምንም አታዩም። ፕሮሰስ ሞኒተርን ራሱን ግን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በአድሚን ፓስወርድ ክፈቱት።
2. ኮንትሮልና ኢ ተጭናችሁ ቀረጻውን አቁሙ፤ ኮንትሮልና ኤክስ ደግሞ እስካሁን የተቀረጸውን ያጸዳል።
3. ኮንትሮልና ኤል ማጣሪያውን ይከፍታል። «ፕሮሰስ ኔም» «ኢዝ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ኢኤክስኢ ስም ጻፉና «አድ» በሉ። ቀጥሎ «ሪዘልት» «ኢዝ» «አክሰስ ዲናይድ» ብላችሁ ጨምሩ።
4. በኮንትሮልና ኢ ቀረጻውን እንደገና አስጀምሩ፤ ፕሮግራሙን ክፈቱና የሚያስቸግርበት ቦታ እስኪደርስ ሂዱበት። ከዚያ አቁሙ።

የሚታየው እንዲህ ያለ መስመር ነው፦ «ክሪኤት ፋይል፤ ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ስቶር፣ ዳታ፣ ዕቃ ዲቢኤፍ፤ አክሰስ ዲናይድ፤ ዲዛየርድ አክሰስ፦ ጀነሪክ ሪድ ራይት»። «ክሪኤት ፋይል» ሲል አዲስ ፋይል መፍጠር ማለት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ያለውን ፋይል መክፈትም በዚሁ ስም ነው የሚጻፈው። ይህች መስመር የምትለው የዕቃ ዝርዝሩን ፋይል ለማንበብም ለመጻፍም ልከፍተው ስል ተከለከልኩ ነው።

እያንዳንዱ «አክሰስ ዲናይድ» ጥፋተኛ አይደለም። ሰነፍ ፕሮግራመር ማንበብ ብቻ ፈልጎ ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሲከለከል ዝቅ አድርጎ ይጠይቅና ይፈቀድለታል። ይህን ለማየት የሪዘልቱን ማጣሪያ ለጊዜው አንሱና እዚያው ፋይል ላይ ቀጥሎ ያለውን መስመር ተመልከቱ። ወዲያው «ሰክሰስ» ከተከተለ እለፉት። ስህተቱ መስኮት ላይ ብቅ ከማለቱ በፊት ከታዩት የመጨረሻ ጥቂት መስመሮች ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ምንም ካልታየ ደግሞ ፕሮግራሙ ሌላ ረዳት ፕሮግራም እያስነሳ ይሆናል። ቱልስ ከሚለው ሥር ፕሮሰስ ትሪን ከፍታችሁ ከሥሩ የተወለዱትን እዩ፤ ስማቸውን ወደ ማጣሪያው ጨምሩ።

ፎልደሩን መክፈት፣ ግን በልኩ

ለአንድ ሰው ሳይሆን ለግሩፕ ፈቃድ መስጠት ይሻላል፤ ሠራተኛ ሲቀየር ፎልደሩን እንደገና አትነኩም። በፕሮ እትም ኮምፒውተር ማኔጅመንትን ከፍታችሁ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ ውስጥ አንድ ግሩፕ ፍጠሩና ሠራተኞቹን አስገቡ። አዲስ የገባ ሠራተኛ ሎግ አውት አድርጎ እስኪመለስ ድረስ ግሩፑ አይሠራለትም፤ «ሰጠሁት፣ እምቢ አለ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች ግማሹ ይህ ነው። በሆም እትም ይህ መስኮት የለም፤ ስለዚህ «ዩዘርስ» የሚለውን ነባር ግሩፕ ተጠቀሙ።

ከዚያ የዳታ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ኤዲት፣ አድ። የግሩፑን ስም ጽፋችሁ «ቼክ ኔምስ» በሉ፤ «ሞዲፋይ» ላይ ምልክት አድርጉና ጨርሱ። «ፉል ኮንትሮል» አትስጡ፤ እሱ ፈቃዱን ራሱን የመቀየር ሥልጣን ይጨምራል። «ዲናይ» የሚለውን ዓምድ ጨርሶ አትንኩ። ዩዘርስ ላይ የተደረገ ዲናይ አድሚኑንም ይዞት ይሄዳል።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለዳታው ፎልደር እንጂ ኢኤክስኢውና ዲኤልኤሎቹ (ፕሮግራሙ የሚጠራቸው አጋዥ የኮድ ፋይሎች) ላሉበት ፎልደር አይደለም። ስታንዳርድ ዩዘር ኢኤክስኢውን መተካት ከቻለ፣ በእሱ ስም የገባ ቫይረስም መተካት ይችላል። እናንተ በሚቀጥለው ወር ለማደስ መጥታችሁ ያንን ፕሮግራም በአድሚን ስታስነሱት ቫይረሱን በገዛ እጃችሁ አድሚን አደረጋችሁት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሰርቪስ ካለውማ እናንተንም አይጠብቅም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

ዳታውና ኢኤክስኢው አንድ ፎልደር ውስጥ የተደባለቁ ከሆኑስ? በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ራሱ የዳታ ቦታ መቀየሪያ እንዳለው ሴቲንግስ ውስጥ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ አላቸው፣ የሚፈልግ ሰው ነው ያጡት። ከሌለ ለሚጻፍባቸው ፋይሎች በነጠላ ፈቃድ ስጡ። ይህ መንገድ ሁለት ቦታ ላይ ይከሽፋል። አንዱ፣ ፕሮግራሙ የድሮውን ፋይል አጥፍቶ በአዲስ የሚተካ ከሆነ ነው፤ አዲሱ ፋይል ያንን ፈቃድ አይዝም። ሌላው የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ ነው። አክሰስ ዳታቤዙን ሲከፍት በዚያው ፎልደር ውስጥ የመቆለፊያ ፋይል መፍጠር አለበት፤ ካልቻለ ለማንበብ ብቻ ይከፈታል ወይም ሁለተኛው ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ለአክሰስ ፋይሉ ሳይሆን ፎልደሩ ነው የሚከፈተው።

ብዙ ሰው ከፕሮግራም ፋይልስ አውጥቶ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ አዲስ ፎልደር ውስጥ ይጭነዋል፤ ችግሩም ይጠፋል። የጠፋበት ምክንያት ግን መታወቅ አለበት፦ ሲ ድራይቭ ላይ የሚፈጠር አዲስ ፎልደር ለገባ ዩዘር ሁሉ የሞዲፋይ ፈቃድ ይወርሳል። ኢኤክስኢውም ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ነው።

ፕሮግራም ዳታ በሚባለው ስውር ፎልደር ውስጥ የሚጽፉ አዳዲስ ፕሮግራሞችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እዚያ ማንም ፋይል መፍጠር ይችላል፤ ሌላው የፈጠረውን ግን መቀየር አይችልም። ጫኚው ፕሮግራሙን ለሙከራ በአድሚን ከፍቶት ከሆነ የሴቲንግ ፋይሉ የአድሚን ሆኖ ይቀራል፣ ሠራተኛዋም የቀየረችው ሴቲንግ አልቀመጥ ይላታል። ለዚያ ለራሱ ለፕሮግራሙ ንዑስ ፎልደር ሞዲፋይ መስጠት ይበቃል።

ዳታው ሰርቨር ላይ ከሆነ ሁለት በር እንዳለ አትርሱ፤ የሼሩ (በኔትወርክ የማጋራቱ) ፈቃድና የፎልደሩ ፈቃድ። ከሁለቱ ጠባቡ ነው የሚሠራው።

ሬጂስትሪ

ፕሮሰስ ሞኒተር ላይ «ሬግ» ብሎ የሚጀምር ተግባር ከተከለከለ ሬጂስትሪ ኤዲተርን በአድሚን ክፈቱና መስመሩ ወደሚጠቁመው ቁልፍ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ከዚያ የአምራቹ ስም ነው፤ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ በመሃል ዋው6432ኖድ የሚል አለ። መጀመሪያ ቁልፉን ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ራይት ክሊክ፣ ፐርሚሽንስ፣ አድቫንስድ። ለግሩፑ ከማንበብ ሌላ «ሴት ቫልዩ» እና «ክሪኤት ሰብኪ» ብቻ ጨምሩ። ከአምራቹ ቁልፍ በላይ አትውጡ፤ ሶፍትዌር የሚለውን ቁልፍ በሙሉ መክፈት ቤቱን ያለ በር መተው ነው።

በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች በተነሱ ቁጥር ክፍሎቻቸውን ሬጂስትሪ ውስጥ ሊመዘግቡ ይሞክራሉ። አንድ ጊዜ በአድሚን ከተከፈቱ ምዝገባው ስለሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ክልከላ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

ጥያቄው ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ ሲሆን

ፎልደሩም ሬጂስትሪውም ተከፍቶ ፓስወርዱ አሁንም ከመጣ ፕሮግራሙ «ያለ አድሚን አልነሳም» የሚል መግለጫ ይዟል። ማይክሮሶፍት ለዚህ «ራን አዝ ኢንቮከር» የሚባል ማስተካከያ አለው፤ ትርጉሙ «ያስነሳህ ሰው ባለው ሥልጣን ተነሳ» ነው። ሥልጣን አይጨምርም፣ ጥያቄውን ብቻ ያስቀራል። ከላይ ያለው ሥራ ካልተሠራ ፕሮግራሙ ተነስቶ መሃል ላይ ይወድቃል። በእርግጥ የክልከላውን ቦታ በፕሮሰስ ሞኒተር ለማየትም መጀመሪያ ይህን ማድረግ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ካልተነሳ የሚቀረጽ ነገር የለም።

ዊንዶውስ ኤዲኬ በሚባለው የማይክሮሶፍት የመሣሪያዎች ጥቅል ውስጥ ያለውን ኮምፓቲቢሊቲ አድሚኒስትሬተር ጫኑ። ለ32 ቢት እና ለ64 ቢት ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለሚያስተካክሉት ፕሮግራም የሚገጥመውን ክፈቱ። አዲስ ዳታቤዝ ላይ «አፕሊኬሽን ፊክስ» ፍጠሩ፣ የፕሮግራሙን ስምና ኢኤክስኢውን አስገቡ፣ ከዝርዝሩ ራን አዝ ኢንቮከርን ምረጡ፣ እስከ መጨረሻው ሂዱና ሴቭ አድርጋችሁ ዳታቤዙን ራይት ክሊክ በማድረግ ኢንስቶል በሉ። የመጨረሻው ገጽ ፕሮግራሙ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ይጠይቃል፤ የፋይሉን መጠንና የቨርዥን ቁጥር ከመረጣችሁ ፕሮግራሙ ሲታደስ ማስተካከያው ይቀራል። አምራቹንና የፕሮግራሙን ስም ብቻ መተው ያሳርፋል።

ተነስቶ «አድሚን አይደለህም» ብሎ የሚዘጋ ግትርም አለ። ለእሱ እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ፎርስ አድሚን አክሰስ» የሚል አለ፤ ሲጠይቅ «አዎ፣ ነኝ» ብሎ ይመልስለታል፣ ሥልጣኑን ግን አይሰጠውም። ውሸት ነው፤ ጉዳት የሌለው ውሸት።

«ዝም ብሎ በአድሚን ማስነሳት» ለምን አያዋጣም

በኢንተርኔት የሚዞረው ምክር «ራን አዝ» የሚለውን ትእዛዝ ፓስወርዱን ከሚያስቀምጠው «ሴቭክሬድ» ጋር ሾርትከት ላይ መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ የተቀመጠው ፓስወርድ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ሾርትከቱን ከፍቶ የፕሮግራሙን ስም በሌላ የሚቀይር ማንም ሰው የፈለገውን በዚያ አካውንት ያስነሳል። ደግሞም ዋናውን ሥራ አይሠራም፦ በዚህ መንገድ የተነሳ ፕሮግራም ከአብሮ ገነቡ (ከዊንዶውስ ጋር ከሚመጣው) አድሚኒስትሬተር በስተቀር የአድሚኑን ሙሉ ሥልጣን አያገኝም፤ «ኤሌቬሽን ያስፈልጋል» ብሎ 740 የሚል የስህተት ቁጥር ያመጣል። ሰዎች ይህን ለማለፍ አብሮ ገነቡን ይከፍቱና ነገሩን ያብሱታል። ቀድሞ የተቀመጠ ካለ ከስታንዳርድ ዩዘሩ አካውንት ሳትወጡ ኮንትሮል ፓነል፣ ክሬደንሻል ማናጀር፣ ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ የአድሚኑን ፓስወርድም ቀይሩ። ፓስወርዱን ባች ፋይል ውስጥ መጻፍማ በኖትፓድ ለሚከፍት ሁሉ ማስነበብ ነው።

ፓስወርዱ ባይወጣ እንኳ በአድሚን የተነሳ ፕሮግራም ሙሉ በር ነው። «ኦፕን» ሲባል የሚከፈተው የፋይል መምረጫ መስኮት ትንሽ ፋይል ኤክስፕሎረር ነው። ከዚያው ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ራይት ክሊክ ተደርጎ ሲከፈት በአድሚን ይከፈታል።

ሥራ ላይም ያስቸግራል። በሌላ አካውንት የተነሳ ፕሮግራም የሚያየው የዚያን አካውንት ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ነው፤ ሠራተኛዋ ሴቭ ያደረገችውን ሪፖርት ስትፈልግ የለም። ዜድ ተብሎ የተሰየመው የሰርቨር ድራይቭ አይታይም። ፋይል ጎትቶ መጣል አይሠራም። ለእኛ ደግሞ የባሰው፣ በራሱ የሚነሳ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በተራ ሥልጣን እየሠራ ከሆነ በአድሚን በተነሳ መስኮት ላይ የቁልፎቹን ምት አያገኝም፤ ዊንዶውስ ዝቅተኛው ከፍተኛውን እንዳይጠልፍ ይከለክላል። በወርድ አማርኛው እየሠራ በሂሳቡ ፕሮግራም ብቻ እንግሊዝኛ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ ይህ ችግር የለበትም።

መስኮት ለሌለው ሥራ ታስክ ሽድዩለር

ታስክ ሽድዩለርን እንደ ፓስወርድ ማለፊያ የሚመክሩ አሉ። «ራን ዊዝ ሃየስት ፕሪቪሌጅስ» የሚለው ግን ለስታንዳርድ ዩዘር አካውንት ከተደረገ የሚሰጠው እሱ ያለውን ያህል ብቻ ነው። በአድሚን ወይም በሲስተም (ዊንዶውስ ራሱ በሚጠቀምበት) አካውንት ከተደረገ ፕሮግራሙ በማይታይ ክፍል ውስጥ ይነሳል፤ ሠራተኛዋ መስኮቱን አታየውም። ስለዚህ ለሂሳብ ፕሮግራም አይሆንም።

እንደ ባክአፕ ላለ ሥራ ግን የሚስተካከለው የለም። ክሪኤት ታስክ ብላችሁ አካውንቱን ሲስተም አድርጉ፤ ትሪገሩን በየቀኑ ከቀኑ በ11 ሰዓት ስጡ (ሽድዩለሩ ላይ 5 ፒኤም ነው የሚጻፈው)፤ አክሽኑ የዳታ ፎልደሩን ወደ ሁለተኛ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት ይሁን። ባክአፑ የሚቀመጥበት ፎልደር ለሠራተኞች የመጻፍ ፈቃድ አይኑረው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በእነሱ ስም ቢገባ አይደርስበትም። ስክሪፕቱም ሠራተኛ ሊቀይረው በማይችልበት ቦታ ይቀመጥ፤ ፕሮግራም ፋይልስ ሥር እንጂ ከላይ እንዳልነው በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ አይሁን።

ኮንዲሽንስ የሚለው ገጽ ላይ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ካልሆነ ታስኩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ምልክት ከመነሻው አለ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ምልክት ካልተነሳ ባክአፑ ሳምንቱን ሙሉ ላይሠራ ይችላል። ሴቲንግስ ገጽ ላይ ደግሞ ያመለጠ ታስክ እንደተቻለ እንዲነሳ የሚለውን ምልክት አድርጉ። የሰርቨር ድራይቭ ፊደል ለሲስተም አካውንት አይታይም፤ ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹ በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩበት አሠራር) በሌለበት ደግሞ የሌላ ኮምፒውተር ሼር ውስጥም አይገባም።

ግሩፕ በመስጠት ብቻ የሚያልቁ

አይፒ አድሬስ መቀየር ለሚያስፈልገው ሰው ኔትወርክ ኮንፊገሬሽን ኦፐሬተርስ የሚባል ነባር ግሩፕ አለ፤ እዚያ ማስገባት ይበቃል። ሰዓት መቀየር በሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ «ቼንጅ ዘ ሲስተም ታይም» በሚለው ይሰጣል (ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ ግን ፈቃድ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ናት መቀየር ያለባት)። ባክአፕ ኦፐሬተርስን ግን እንደ ቀላል አትስጡ፤ ማንኛውንም ፋይል ማንበብ ያስችላል።

የሰርቨር ፕሪንተር ድንገት ፓስወርድ መጠየቅ የጀመረው ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት ፕሪንትናይትሜር የተባለውን ቀዳዳ ሲዘጋ ድራይቨር መጫንን ለአድሚን ብቻ አደረገው። ያንን መከላከያ ለማጥፋት የሚዞረውን የሬጂስትሪ ምክር አትከተሉ፤ ድራይቨሩን ቀድማችሁ በየኮምፒውተሩ ጫኑት።

የግድ አድሚን ሲያስፈልግ

ድራይቨር የሚጭን፣ ዲስክ የሚከፍል፣ ሰርቪስ የሚቀይር ፕሮግራም በእውነት አድሚን ይፈልጋል። እዚያ ላይ ባለሙያው መጥቶ ፓስወርዱን ያስገባ። ከርቀት የምትረዱ ከሆነ የፓስወርዱ መስኮት ሲመጣ ስክሪኑ ሊጠቁርባችሁ ይችላል፤ መስኮቱ በተለየ ዴስክቶፕ ላይ ስለሚከፈት ነው። የርቀት ፕሮግራሙ እዚያ ኮምፒውተር ላይ በአድሚን ቀድሞ ከተጫነ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የአድሚን ፓስወርድ አትጠቀሙ። ዶሜይን ካላችሁ ከ2023 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ላፕስ ለእያንዳንዱ የተለየ ፓስወርድ ፈጥሮ በየጊዜው ይቀይረዋል። ኢንትዩን የተባለውን የማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ማስተዳደሪያ የሚጠቀም ድርጅት ደግሞ ለተመረጠ ፕሮግራም ብቻ ከፍ ያለ ሥልጣን የሚሰጥ ኢንድፖይንት ፕሪቪሌጅ ማኔጅመንት የሚባል ተከፋይ አገልግሎት ያገኛል።

ከማስረከባችሁ በፊት

መከፈቱ ብቻ አይበቃም። በስታንዳርድ አካውንት ሆናችሁ አንድ ደረሰኝ መዝግቡ፣ አትሙ፣ ሪፖርት ወደ ኤክሴል አውጡ፣ የፕሮግራሙን ባክአፕ አስነሱ። የወር መዝጊያ ካለው በዳታው ቅጂ ላይ ሞክሩት፤ በወር አንዴ የሚነካ ክፍል ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ይጽፋል፣ ችግሩም የሚታየው ሁሉም በሚጣደፍበት ቀን ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በሌላ ስታንዳርድ ዩዘር ገብታችሁ ድገሙት።

የከፈታችሁትን ፎልደር፣ የሬጂስትሪ ቁልፍና የግሩፑን ስም አንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከፕሮግራሙ መጫኛ ጋር አስቀምጡ። ፕሮግራሙ ሲታደስ ወይም ተነቅሎ ሲጫን ፎልደሩ እንደ አዲስ ይፈጠርና ፈቃዱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ያቺን ወረቀት ይዞ መሥራት የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው።